የጓሮ አትክልት ምክር ከኢንተርኔት፦ ከየት እንደሚገኝና ከመዝራት በፊት እንዴት እንደሚጣራ

ሽንኩርት ልዝራ ብሎ ኢንተርኔት የሚከፍት ሰው የሚያገኘው መመሪያ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ነው። የመደቡ ስፋት፣ ርቀቱ፣ ውኃው፣ ማዳበሪያው ሁሉ በአግባቡ ተጽፏል። እንደተባለው ሲያደርግ ግን ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ አንገቱ ይወፍራል፣ ሽንኩርቱ ራስ አልቋጥር ይላል። ምክንያቱ የቀን ርዝመት ነው። መመሪያው የተጻፈው ከምድር ወገብ ራቅ ላለ፣ በአንዳንድ ወራት ፀሐይ 15 ሰዓት ያህል ለምትታይበት አገር ነው፤ የተመረጠው ዝርያም ራስ ለመቋጠር በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይፈልጋል። ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት በሚጠጋበት ቦታ ያ ዝርያ የቱንም ያህል ቢንከባከቡት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከ10 እስከ 12 ሰዓት ብርሃን የሚበቃው፣ የአጭር ቀን ዝርያ የሚባለው ቢሆን ኖሮ ያው መመሪያ በሠራ ነበር።

እንግዲህ ገጹ አልዋሸም፤ የተጻፈው ለሌላ ቦታ ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ጥሩ ጥሩ ምንጮችን ያሳያሉ፤ ዋናው ሥራ ግን ምንጩን ማግኘት ሳይሆን የተጻፈበትን ቦታ ከእርስዎ ቦታ ጋር ማስተያየት ነው። ለጓሮ አትክልተኛም ሆነ ተማሪዎችን በአትክልት ቦታ ለሚያስተምር ሰው ቅደም ተከተሉ አንድ ነው።

1. የራስዎን ቦታ በቁጥር ይወቁ

ምንም ዓይነት የአስተዳደግ ምክር ከማንበብዎ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገሮችን ይጻፉ፦ ኬክሮስዎን፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለዎትን ከፍታ፣ የየወሩን አማካይ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት፣ የየወሩን ዝናብ። ኬክሮሱና ከፍታው ስልክ ላይ ካለ ካርታ ይገኛል። ለሙቀትና ለዝናብ የምንመክረው ናሳ ፓወር የተባለውን ነፃ የመረጃ ቋት ነው። ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለውን የአየር ጠባይ ለማንኛውም የምድር ነጥብ ይሰጣል፤ ለመጠቀም ገንዘብ አይጠይቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመረጃ ማሳያውን ከፍተው አንድ ነጥብ የሚለውን ይምረጡ፤ ከተጠቃሚ ዓይነቶች ውስጥ ለግብርና የተዘጋጀውን፣ ከጊዜ አማራጮች ውስጥ የረጅም ጊዜ አማካዩን ይንኩ። ቀጥሎ ኬክሮስና ኬንትሮስዎን ያስገቡ፤ በ2 ሜትር ከፍታ ያለውን አማካይ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት እንዲሁም ዝናብን መርጠው በሠንጠረዥ መልክ ያውርዱ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ቁጥሩ የጓሮዎ ሙቀት ሳይሆን በየአቅጣጫው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሰፊ ቦታ አማካይ ነው። ተራራና ሸለቆ በበዛበት አገር ልዩነቱ ትልቅ ይሆናል። ከወረደው ፋይል አናት ላይ የዚያ ሰፊ ቦታ አማካይ ከፍታ ተጽፏል፤ ከእርስዎ ከፍታ ጋር ያስተያዩት። አየሩ በየ1000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ ጓሮዎ ከአማካዩ 300 ሜትር ከፍ ካለ ወደ 2 ዲግሪ ይቀንሱ፤ ዝቅ ካለ ይደምሩ። ውርጭ የሚያሰጋው ሰው ደግሞ በዚህ ቁጥር ብቻ አይተማመን፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ በአንድ ሰፈር ውስጥ እንኳ የረባዳው መደብ ሲመታ የተዳፋቱ ሊተርፍ ይችላል። ርካሽ ቴርሞሜትር መደቡ አጠገብ ጥላ ውስጥ ሰቅሎ የንጋቱን ሙቀት መመዝገብ ማንም ድረ ገጽ የማይሰጠውን ይሰጣል።

2. የተክሉን ሳይንሳዊ ስም ይያዙ

የተለመደ ስም ከአገር አገር ይለያያል፤ አንድ ስም ለሦስት ተክል፣ አንድ ተክልም በአምስት ስም ሊጠራ ይችላል። ሳይንሳዊ ስሙ ከተያዘ ግን ቋንቋው ምንም ይሁን ፍለጋው ወደ አንድ ቦታ ይመጣል።

ስሙን ለማያውቁት ተክል ፕላንትኔት ጥሩ መነሻ ነው። በፈረንሳይ የምርምር ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ ሲሆን በስልክ መተግበሪያም በድረ ገጽም ይሠራል። ፎቶ ሲሰጡት ቅጠል ነው፣ አበባ ነው፣ ፍሬ ነው፣ ወይስ ቅርፊት ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከሩቅ የተነሳ፣ ሙሉ ቁጥቋጦውን የሚያሳይ አንድ ፎቶ ብቻ ሲሰጠው ነው። አበባ ካለ አበባውን በቅርብ፣ ከዚያ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ በመጨረሻ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ያንሱ። ከጀርባ ሌላ ተክል እንዳይገባ ነጭ ወረቀት ይያዙ። መተግበሪያው የሚሰጠው መልስ ከነውጤቱ የተደረደረ የግምት ዝርዝር ነው፤ የመጀመሪያው 35 በመቶ፣ ሁለተኛው 30 በመቶ ከሆነ አላወቀውም ማለት ነው። በዚህ መንገድ ብቻ የታወቀ ተክል ደግሞ በፍጹም አይበላም፣ ለልጆችም አይቀመስም። መርዛማና የሚበላ ዘመዳማቾች በፎቶ ሊለዩ የማይችሉበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስሙን ካገኙ በኋላ በለንደኑ ኪው ጋርደንስ የሚተዳደረውን ፕላንትስ ኦፍ ዘ ወርልድ ኦንላይን ይክፈቱ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያለ ሲሆን የትኛው ስም አሁን ተቀባይነት እንዳለው፣ የትኞቹ አሮጌ ስሞች እንደሆኑ፣ ተክሉም በተፈጥሮ የየት አገር እንደሆነ በካርታ ያሳያል። አሮጌዎቹን ስሞች መዝግቦ መያዝ ትልቅ ጥቅም አለው። ቲማቲም አሁን ሶላነም ላይኮፐርሲከም ነው፤ በቆዩ የምርምር ጽሑፎች ግን ላይኮፐርሲኮን ኤስኩሌንተም ተብሎ ነው የሚገኘው። ሮዝመሪ ለረጅም ጊዜ ሮዝማሪነስ ኦፊሲናሊስ ሲባል ኖሮ አሁን ሳልቪያ ሮዝማሪነስ ሆኗል። በአዲሱ ስም ብቻ የፈለገ ሰው የአሥርታት ሥራ ያመልጠዋል፤ ስለዚህ በሁለቱም ይፈልጉ።

3. ምክሩን ከተፈተነበት ቦታ ይውሰዱ

ፍለጋውን በሳይንሳዊ ስሙ ያድርጉ፤ ውጤቱን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ለማጥበብ በእንግሊዝኛ ፊደል ሳይት ብለው፣ ሳይነጣጠል ሁለት ነጥብ አድርገው፣ ኢዱ የሚለውን ይጨምሩ (site:edu)። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የኤክስቴንሽን፣ ማለትም ለገበሬና ለአትክልተኛ የሚያዘጋጇቸው የምክር ጽሑፎች በዚህ ይወጣሉ። በሙከራ ማሳ የተረጋገጡና አብዛኛውን ጊዜ ቀን የተጻፈባቸው ናቸው፤ ድክመታቸው ለዚያው ግዛት የአየር ጠባይ መጻፋቸው ነው።

ለሞቃታማና ለምድር ወገብ ቅርብ ለሆነ ቦታ የተሻለ የሚስማሙት ሌሎች ናቸው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ታይዋን የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመው የዓለም የአትክልት ማዕከል ስለ ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ጎመንና የአካባቢ ቅጠላ ቅጠሎች መመሪያዎች አሉት። ኤኮ ኮሚኒቲ በአነስተኛ መሬት ላይ ለሚያመርቱ ሰዎች የየተክሉን መረጃ ያቀርባል። አክሰስ አግሪካልቸር ደግሞ ገበሬ ለገበሬ የሚያስረዳባቸውን ቪዲዮዎች አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋ አዘጋጅቷል፤ ለስልክ በሚመች አነስተኛ መጠንም ማውረድ ስለሚቻል ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ለሚያስተምር ሰው ከማንኛውም ምንጭ ቀድሞ ይህን እንመክራለን። ፕላንትስ ፎር ኤ ፊውቸር ያልተለመዱ የሚበሉ ተክሎችን ለማወቅ ይጠቅማል፤ ግን መጀመሪያ የሚነበበው የሚበላውን ክፍል የሚገልጸው ሳይሆን ስለ ጉዳቱ የተጻፈው አንቀጽ ነው።

አንድን ገጽ ለማመን ሦስት ነገር ይፈልጉበት፦ የጻፈው አካል፣ የተጻፈበት ወይም የታደሰበት ቀን፣ የሚናገርለት አካባቢ። ሦስቱም ከሌሉ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር ይዝጉት። አሁን በማሽን የተሠሩ ምስሎችና ጽሑፎች በዝተዋል፤ ሰማያዊ እንጆሪ ወይም ባለ ቀስተ ደመና ቀለም ጽጌረዳ የሚያሳይ የዘር ማስታወቂያ ካዩ ዘሩ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

4. ምክሩን ወደ እርስዎ ቦታ ይመልሱ

አብዛኛው ኪሳራ የሚመጣው ይህ ደረጃ ሲዘለል ነው።

*ወቅት።* የትርጉም መሣሪያ እዚህ ላይ በቀጥታ ያሳስታል። በእንግሊዝኛ ሞቃቱን ወቅት በጋ፣ ቀዝቃዛውን ክረምት ብሎ ይተረጉመዋል። ለአማርኛ አንባቢ ግን በጋ ዝናብ የሌለበት፣ ክረምት የዝናቡ ጊዜ ነው። «በክረምት ውኃ ማጠጣቱን ይቀንሱ» የሚለው ምክር ስለ ብርድ እንጂ ስለ ዝናብ አይናገርም። ስለዚህ የወቅቱን ስም ይተዉትና በሙቀት ይተኩት። «ከመጨረሻው ውርጭ 6 ሳምንት ቀድሞ ቲማቲም ዝሩ» የሚል ካነበቡ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ችግኙ ለመዛወር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ ወደ መደብ የሚዛወረው የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በላይ ሲረጋ ነው። አበባው ደግሞ ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ወይም ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሰነብት ፍሬ ሳይይዝ ይረግፋል። በደረጃ 1 የሠሩትን የሙቀት ሠንጠረዥ አውጥተው ሁለቱን የሚያሟሉትን ወራት ይፈልጉ፤ የመዝሪያው ቀን ከዚያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይገኛል።

*የብርድ ቀጠና።* በዘር ገጾች ላይ «ቀጠና 9» ምናምን የሚለው ከአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ካርታ የመጣ ነው። ካርታው 13 ቀጠናዎች አሉት፤ መጨረሻ የታደሰውም እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። የሚናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዓመቱ ውስጥ በጣም ቀዝቃዛው ሌሊት በአማካይ ስንት ዲግሪ እንደሚወርድ። ስለ ሙቀት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቀን ርዝመት ምንም አይልም። ለፍራፍሬ ዛፍ ይጠቅማል፤ በጥቂት ወራት ለሚለቀም ሰላጣና ጎመን ግን አያስጨንቅዎ።

*አቅጣጫ።* ከምድር ወገብ በስተሰሜን ርቀው የሚጽፉ ሰዎች ፀሐይ የሚያገኘው ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ነው ይላሉ። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ተቃራኒው ነው፤ ወራቱም በስድስት ወር ይዞራሉ። ለምድር ወገብ ቅርብ ከሆኑ ፀሐይዋ በዓመት ውስጥ ወደ ሁለቱም ወገን ስለምታዘነብል የጥላውን አካሄድ ራስዎ ይከታተሉ።

*መለኪያ።* 1 ኢንች 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ፉት 30 ሴንቲ ሜትር ነው። የአሜሪካ ጋሎን 3.8 ሊትር ሲሆን የእንግሊዙ 4.5 ሊትር ነው፤ መድኃኒት ሲበጠበጥ ይህ ልዩነት ቅጠል ሊያቃጥል ይችላል። «በሳምንት 1 ኢንች ውኃ» ማለት በካሬ ሜትር 25 ሊትር ነው። «በ100 ካሬ ፉት 1 ፓውንድ» የሚል የማዳበሪያ መጠን ሲያዩ በካሬ ሜትር 50 ግራም ብለው ይቁጠሩት። ፋራናይትን ለመመለስ 32 ቀንሶ ለ1.8 ማካፈል ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም መጀመሪያ በትንሹ ይሞክሩ። የተገዛ ዘር ካለዎት 20 ፍሬ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልለው በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። 14ቱ ከበቀሉ ብቅለቱ 70 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ለ100 ችግኝ 143 ያህል ዘር ያስፈልጋል። ከግማሽ በታች ከሆነ መመሪያውን ሳይሆን ዘሩን ይቀይሩ።

5. አፈሩን ከካርታም ከእጅዎም ይጠይቁ

ኔዘርላንድስ ያለው አይስሪክ ተቋም ሶይልግሪድስ በተባለው ካርታው የምድርን አፈር በ250 ሜትር ካሬ እየከፈለ ያሳያል። ቁጥሮቹ ለማያውቅ ሰው ያደናግራሉ፤ የአፈሩን አሲድነት የሚያሳየው ፒኤች በ10 ተባዝቶ ስለሚቀመጥ 62 ማለት 6.2 ነው፤ የሸክላ መጠን በኪሎ ስንት ግራም ተብሎ ስለሚጻፍ 350 ማለት 35 በመቶ ነው። አንዱ ካሬ ከ6 ሄክታር በላይ ስለሆነ ግንበኛ የደፋውን ፍርስራሽ ወይም ለዓመታት የተጨመረውን ብስባሽ አያውቅም።

ለዚህ በጠርሙስ ይፈትሹ። አንድ ሊትር የሚይዝ ቀጥ ያለ ብርጭቆ ማሰሮ ሲሶውን በተነፋ ደረቅ አፈር ይሙሉ፤ ውኃና አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረው 5 ደቂቃ ይናጡት፤ ከዚያ አይነካካ። በ1 ደቂቃ የተቀመጠው አሸዋ ነው፤ ከፍታውን በምልክት ያድርጉ። በ2 ሰዓት የተጨመረው ደለል ነው። ውኃው ጠርቶ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ከላይ የተደረበው ሸክላ ነው። እያንዳንዱን ለጠቅላላው ከፍታ ሲያካፍሉ መቶኛው ይገኛል፤ በኢንተርኔት በነፃ በሚገኝ የአፈር ሦስት ማዕዘን ማስያ ውስጥ ሦስቱን ቁጥሮች ሲያስገቡ የአፈርዎን ዓይነት ይነግርዎታል።

6. ተባይና በሽታ፦ መጀመሪያ ይመልከቱ፣ ከዚያ ይፈልጉ

«ቅጠሌ ቢጫ ሆነ» ብሎ መፈለግ ሃያ መልስ ያመጣል። ቢጫነቱ ከታች ካለው አሮጌ ቅጠል ከጀመረ የናይትሮጅን ወይም የማግኒዥየም እጥረት ይጠረጠራል፤ ተክሉ እነዚህን ከአሮጌው ነቅሎ ለአዲሱ ስለሚሰጥ ነው። ከጫፉ ካለው አዲስ ቅጠል ከጀመረና የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ እንደሆኑ ከቀሩ ወደ ብረት እጥረት ያመለክታል። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጠው በአጉሊ መነጽር ሲያዩ ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ ወይም ደቃቅ ድር ካገኙ ፍለጋው አለቀ። ሦስት ፎቶ ያንሱ፦ ሙሉ ተክሉን፣ የቅጠሉን ጀርባ፣ ጉዳቱን ከሳንቲም ጋር።

ምንጮቹን በተመለከተ፣ የካቢ ድርጅት የፕላንትዋይዝ ፕላስ የእውቀት ባንክ በአገርና በሰብል መፈለግ ያስችላል። የአያያዝ መመሪያዎቹ አረንጓዴና ቢጫ ተብለው የተከፈሉ ናቸው፤ በአረንጓዴው ውስጥ ያሉትን ቀድመው ይጨርሱ፣ ኬሚካል የሚገኘው በቢጫው ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተቀናጀ ተባይ መከላከያ ፕሮግራም ለቤት አትክልተኛ የጻፋቸው ጽሑፎች በፎቶና በጥራት ተወዳዳሪ የላቸውም፤ የሚጠቅሷቸው መድኃኒቶች ግን በዚያ አገር የተፈቀዱ ስለሆኑ በእርስዎ አገር መፈቀዳቸውን ያረጋግጡ። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕላንትቪሌጅ ኑሩ የካሳቫ በሽታንና መጤ ተምችን ያለ ኔትወርክ በስልክ ካሜራ ለመለየት ተሠርቷል።

በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚዘዋወሩ የቤት ውስጥ መላዎች ሁለቱን ለይተን እንንገርዎ። የቲማቲም ፍሬ ከታች በኩል ጠቁሮ ሲበሰብስ ኤፕሰም ሶልት ጨምሩ ይባላል። ችግሩ ካልሲየም ወደ ፍሬው አለመድረሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አፈሩ አንዴ ደርቆ አንዴ ሲጨቀይ የሚመጣ ነው። ኤፕሰም ሶልት ማግኒዥየም ሲሆን ከካልሲየም ጋር ስለሚሻማ ችግሩን ያባብሰዋል። መፍትሔው ውኃውን እኩል ማድረግና ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ማልበስ ነው። ሁለተኛው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና መርጨት ነው፤ የቅጠሉን ሰም አጥቦ ያቃጥላል። ለተክል ተብሎ የተሠራ ሳሙናም ቢሆን በሁለት ቅጠል ላይ ተሞክሮ 24 ሰዓት ይጠበቃል፤ በጠራራ ፀሐይም አይረጭም።

7. ለሚያስተምሩ ሰዎች

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለማኅበረሰብ ያወጣው የትምህርት ቤት አትክልት ቦታ ማኑዋል በነፃ ይወርዳል፤ ከመሬት መረጣ እስከ ምርቱ አጠቃቀም ስለሚዘልቅ መጀመሪያ እሱን ያንብቡ። ለየክፍል ደረጃው የተዘጋጁ ትምህርቶች ከኪድስጋርደኒንግ፣ ከላይፍ ላብና ከኤዲብል ስኩልያርድ ፕሮጀክት ይገኛሉ።

የተዘጋጀ ትምህርት ሲወስዱ ሰብሉን ከሴሚስተርዎ ጋር ይቁጠሩት። ራዲሽ ከ25 እስከ 30 ቀን፣ ፎሶሊያ ከ50 እስከ 60 ቀን ይደርሳል። ቲማቲም በዘር ከረጢቱ ላይ 70 ቀን ቢልም የሚቆጠረው ከተዛወረበት ቀን ነው፤ የችግኙ 6 ሳምንት ሲጨመር 112 ቀን ይሆናል። በ12 ሳምንት፣ ማለትም በ84 ቀን ትምህርት ውስጥ ቲማቲም ከዘር ያስጀመሩ ልጆች ፍሬውን ሳያዩ ይበተናሉ፤ ይህ ደግሞ ለአንድ ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም። ወይ ችግኙን ቀድመው ያፍሉ፣ ወይ ራዲሽና ፎሶሊያ ይምረጡ።

ነፍሳትንና አረምን ለማወቅ ሲክ የተባለው መተግበሪያ ምዝገባ ስለማይጠይቅ ለልጆች ይመቻል። አይናቹራሊስት ከተጠቀሙ ደግሞ የተከሉትን ተክል ሲያስገቡ በሰው የተተከለ መሆኑን ምልክት ያድርጉ፤ ካልሆነ የዱር ተክል መስሎ የተመራማሪዎችን ካርታ ያዛባል። የትምህርት ቤቱን ቦታ እንዳያሳይ መገኛውን የተድበሰበሰ በሚለው ያስቀምጡ፤ ያኔ ነጥቡ በሰፊ ክልል ውስጥ በዘፈቀደ ይታያል።

ጽሑፍ ወይም ፎቶ አባዝተው ከማደልዎ በፊት ባለቤቱ ምን እንደፈቀደ የሚያሳየውን የክሪኤቲቭ ኮመንስ ምልክት ይመልከቱ። ኤንሲ (NC) የሚል ካለበት ለንግድ አይውልም፤ የአይናቹራሊስት ፎቶዎች በነባሪው እንዲህ ናቸው። ኤንዲ (ND) የሚል ካለበት ቀይሮ ማሰራጨት አይፈቀድም፤ ወደ አማርኛ መተርጎምም እንደ መቀየር ይቆጠራል፤ ስለዚህ ተርጉመው ለማሠራጨት ባለቤቱን በኢሜይል ያስፈቅዱ። በምልክቱ ላይ ቢዋይ (BY) ብቻ ካለ የባለቤቱን ስም ጠቅሶ መተርጎምም ማባዛትም ይቻላል።

የሠራልዎትን ገጽ በአድራሻው ብቻ አይመኑ፤ ገጾች ይጠፋሉ። በፒዲኤፍ አስቀምጠው የፋይሉን ስም በተክሉ፣ በምንጩና በወረደበት ዓመት ይሰይሙት። የጠፋ ገጽ ቢያጋጥምዎ አድራሻውን ዌይባክ ማሽን ላይ ሲያስገቡ የቆየው ቅጂ ብዙ ጊዜ ይገኛል። በፒዲኤፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የዘሩበትን ቀን፣ የዝርያውን ስምና የለቀሙትን ኪሎ በእጅዎ ይጻፉበት፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው።